ሲስተም የለም ከማለታችን በፊት

በአሁኑ ዘመን ከመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የቆመ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይሰማው የማይቀር አጭር መልስ አለ፤ ይኸውም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። መልሱ ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው ግን እንደ መንገዱ ርቀት ይከብዳል። በመካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው «ነገ ተመለስ» እንደ ማለት ነው። ከከተማይቱ ርቆ ወደ ዐባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ለሚኖር ገበሬ ግን ዳገቱን ወጥቶ፣ ለማደሪያ ከፍሎ፣ የመጣበትን ጉዳይ ሳይፈጽም ቁልቁል መመለስ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ነገር ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ ቢመስልም የብዙዎቻችን ጉዳይ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ እትም ከተሻሻለ በኋላ፣ እስከ ትናንት ድረስ ደኅና ሲሠራ የነበረው የገመድ ግንኙነት ድንገት ዝም ቢል ምን ይደረጋል? አብዛኛው ሰው ወዲያው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ቴሌን ይወቅሳል፣ ወይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። እኛ ግን ከሁለቱም በፊት ሊደረግ የሚገባው ነገር አለ እንላለን። ከማሻሻያ በኋላ ዝም ያለ መስመር ብዙውን ጊዜ የተሰበረ መስመር አይደለም፤ ስሙ የተለወጠ ወይም ጠባቂው የተምታታ መስመር ነው። ይህንንም ከቅርብ ወደ ሩቅ ደረጃ በደረጃ የሚመረምር ሰው፣ ብዙ የተማረ ባይሆን እንኳ፣ ሊደርስበት ይችላል።

ባለሙያው ሩቅ ሲሆን

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ በአቀስታ በኩል ደጋውን እያቋረጠ ይደርስባታል። ወደ ምዕራብ የቀጠለ እንደ ሆነ የዐባይ በረሃ ይገጥመዋል፤ ከማዶው ጎጃም ነው። ከአካባቢው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን ይገኛል። ዛሬ ደግሞ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለባት ከየክልሉ የሚመጡ ወጣቶች ይሰበሰቡባታል።

እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ማሽን ሲታመም ባለሙያ ከደሴ ይምጣ ቢባል ጊዜና አበል ይጠይቃል፤ ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል ደግሞ ይብሳል። ከዚህም በላይ ይህ ብልሽት ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መድኃኒቱ ከተቆረጠው መስመር ማዶ ነው። የጎደለው ፋይል የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያ ፋይል ካልመጣ አይመጣም። ድልድይ ፈርሶ፣ ድልድይ ሠሪው በወዲያኛው ማዶ የቀረ ያህል ነው።

በእርግጥ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለጊዜው ሊተካ ይችላል። ነገር ግን ሁል ጊዜ ይገኛል ብሎ መተማመን አይገባም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ የሚታወስ ነው። ስለዚህ በገመዱ ላይ የተመሠረተ መሥሪያ ቤት ገመዱን ራሱ ማወቅ አለበት።

የስልክ መስመር የተወልን ትምህርት

ሽቦ ዘርግቶ ድምፅ ማሻገር ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ከዚያም በኋላ መስመሩ ከዋና ከተማው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ እየተስፋፋ ሄደ። በዚያን ጊዜ ድምፁ ረጅሙን መንገድ ባንድ ጊዜ መጨረስ ስለማይችል በየመካከሉ የተቀመጡ የስልክ ሠራተኞች የሰሙትን ቃል በገዛ አፋቸው ለሚቀጥለው ጣቢያ ይደግሙት ነበር።

ይህን አሠራር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የዛሬውንም መረብ ለመረዳት አይቸገርም። ከኮምፒዩተራችን የሚነሣው መልእክትም ቢሆን ባንድ እርምጃ ወደ ዓለም አይወጣም። ከፕሮግራሙ ወደ ስርዓተ ክወናው፣ ከስርዓተ ክወናው ወደ ካርዱ፣ ከካርዱ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ስዊቹና ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ቴሌ ይተላለፋል። እያንዳንዱ የሰማውን ለሚቀጥለው ይደግማል። እንግዲህ መልእክቱ የጠፋ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «መስመሩ ተበላሽቷልን?» የሚል ሳይሆን «ዝምታው የጀመረው ከየትኛው ጣቢያ ነው?» የሚል መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ወቀሳ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ መፍትሔ።

አዲስ ስም የወጣለት ካርድ

ሊኑክስ በ1983 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን ለሕዝብ የተነገረ ሥራ ነው። ጀማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያን ጊዜ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። ገመዱ የሚሠራበት ኤተርኔት የተባለው ዘዴ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ሮበርት ሜትካፍ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማእከል ሳለ ሐሳቡን በማስታወሻ የጻፈው በ1965 ዓ.ም. ግንቦት 14 ቀን ነው። ዛሬ ሊኑክስ በልዩ ልዩ ስም ተጠቅልሎ ይታደላል፤ ከነዚህም ውስጥ በ1985 ዓ.ም. የተመሠረተው ዴብያንና በ1997 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ በሰፊው የታወቁ ናቸው። ኡቡንቱ በየ6 ወሩ አዲስ እትም፣ በየ2 ዓመቱ ደግሞ ድጋፉ ረጅም የሆነ እትም ያወጣል። የድጋፉ ዘመን ካለፈ በኋላ ለደኅንነት የሚያስፈልገው ጥገና ስለሚቀር ማሻሻል የማይታለፍ ግዴታ ነው።

በማሻሻል ጊዜ ከሚለዋወጡት ነገሮች አንዱ የካርዱ ስም ነው። በቀድሞው ልማድ የገመድ ካርዶች «ኢቲኤች0»፣ «ኢቲኤች1» እየተባሉ እንደ አነቃቃቸው ቅደም ተከተል ይጠሩ ነበር። ሁለት ካርድ ባለው ማሽን ግን ዛሬ ቀድሞ የነቃው ነገ ወደ ኋላ ሲቀር ስማቸው ይለዋወጥና ሥራ ይበላሽ ነበር። ይህን ለማስቀረት «ሲስተምዲ» የተባለው የሊኑክስ ክፍል በ2005 ዓ.ም. ሌላ ደንብ አመጣ፤ ካርዱ በተሰካበት ቦታ ይጠራ ተባለ። ለምሳሌ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት በ3ኛው የውስጥ መስመር ላይ በ0 ቁጥር ማስገቢያ ያለ የኤተርኔት ካርድ ማለት ነው። ሰውን በወረፋው ቁጥር መጥራት ቀርቶ በቤት ቁጥሩ እንደ መጥራት ያለ ነው።

ደንቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ደንቡ ራሱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ የአዲሱም ከርነል አቆጣጠር አንዳንድ ጊዜ ከአሮጌው ይለያል። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የወጣው የዴብያን 13 መግለጫ እንኳ በማሻሻያ ጊዜ የካርድ ስም ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸው ያለፈውን ንጉሠ ነገሥት ታሪክ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ሰውዬው ያው ሰውዬ ናቸው፤ ክንዳቸውም ሐሳባቸውም አልተለወጠም። ነገር ግን ከዘውዱ በኋላ «ለደጃዝማች ካሣ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ወደ አደባባይ የሚመጣ መልእክተኛ ማንን እንደሚፈልግ አስቡት። የኮምፒዩተሩም ነገር እንዲሁ ነው። ካርዱ ደኅና ነው፤ ገመዱም ደኅና ነው። በመዝገቡ የተጻፈው ትእዛዝ ግን አሁንም በአሮጌው ስም ይጣራል፤ በዚያ ስም የሚመልስ ስለሌለ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል።

በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሠራ ወጣት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በመታወቂያው ላይ አንድ ስም፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ ስም የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚንገላታ አይቷል። መፍትሔውም ሰውዬውን ማባረር ሳይሆን መዝገቡን ማስተካከል ነው።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

እንግዲህ በመካነ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማሽኑ ተሻሽሎ ሲበራ ግንኙነቱ ጠፋ እንበል። ሠራተኛው ምን ያደርጋል?

በመጀመሪያ ዐይኑን ይጠቀም። ገመዱ በሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ በስዊቹም በኩል እንዲሁ። መብራቱ በሁለቱም በኩል ከበራ ገመዱ ሕያው ነው ለማለት ይቻላል። ካልበራ ገመዱን ነቅሎ መሰካት፣ የስዊቹን ቀዳዳ መለወጥ፣ ያም ካልሆነ ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ገመድ መሞከር ነው። በገመዱ ውስጥ በ4 ጥንድ የተገመዱ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉ አይጥ የነካው ወይም በር የጨፈለቀው ገመድ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱም ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ደንቡ ያዝዛል። ገመዱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ መሞከር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ እዚያ ከሠራ ቴሌን ለመውቀስ ምክንያት የለም፤ ነገሩ ከግድግዳው ወዲህ ነው ማለት ነው፤ ከግድግዳው ወዲህ ያለው ደግሞ የራሳችን ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ከርነል ይጠይቅ። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲጭን የቀድሞውን ወዲያው አይጥለውም። ማሽኑ ሲነሣ በሚመጣው የምርጫ ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ከፍቶ የቀድሞውን መምረጥ ይቻላል። በአሮጌው ከርነል ግንኙነቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ከአዲሱ ከርነል ወይም ከካርዱ ድራይቨር መሆኑ ታወቀ። ካልተመለሰ ደግሞ ነገሩ ያለው በቅንብሩ ውስጥ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በ5 ደቂቃ የሚደረግ አንድ ሙከራ የግማሽ ቀን ግምት ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ካርዱን ያየው እንደ ሆነ ያረጋግጥ። «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ በማሽኑ ውስጥ የተሰኩትን ካርዶች ይዘረዝራል፤ «ማይነስ ኬ» ሲጨመርበት ደግሞ እያንዳንዱን የሚነዳው ድራይቨር ማን እንደ ሆነ ይናገራል። ካርዱ ተዘርዝሮ ድራይቨር ካልተጻፈበት ፈረሱ አለ፤ ፈረሰኛው ግን የለም። ይህ በሪያልቴክ ካርዶች ላይ የታወቀ ችግር ነው። በሊኑክስ ውስጥ ያለው ድራይቨር «አር8169» ሲባል፣ ከፋብሪካው የሚመጣው «አር8168» ይባላል። ሁለተኛውን የጫነ ሰው የመጀመሪያው እንዳይነሣ ያደርገዋል። ከርነሉ ሲሻሻል ሁለተኛው ለአዲሱ ከርነል እንደገና መሠራት ይኖርበታል፤ ሳይሠራ የቀረ እንደ ሆነ አንዱ የተከለከለ፣ ሌላው ያልተወለደ ሆኖ ካርዱ ያለ ነጂ ይቀራል። መፍትሔውም ክልከላውን አንሥቶ የሊኑክስን የራሱን ድራይቨር መመለስ፣ ወይም የፋብሪካውን ለአዲሱ ከርነል መሥራት ነው።

አራተኛ፣ ስሙን ያመሳክር። «አይፒ ሊንክ» የሚለው ትእዛዝ ካርዱ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያሳያል። ይህንን በቅንብሩ ፋይል ውስጥ ከተጻፈው ስም ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ኡቡንቱ ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ቅንብሩን «ኔትፕላን» በሚባል ክፍል እንዲያዝ አድርጓል፤ ከዚያ በፊት «ኢንተርፌስስ» በሚባል አንድ ፋይል ነበር። ስለዚህ ከቆየ እትም የተሻሻለ ማሽን ሁለቱንም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስሞቹ ከተለያዩ ፋይሉን ማረም ብቻ ይበቃል። ከዚህም የሚሻለው ቅንብሩን በስም ሳይሆን በካርዱ የፋብሪካ ቁጥር፣ ማለት በማክ አድራሻው፣ ማሰር ነው፤ ስም ቢለወጥ ያ ቁጥር ከካርዱ ጋር ይኖራልና።

አምስተኛ፣ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። በሊኑክስ ውስጥ የመረቡን ካርድ የሚያስተዳድሩ ከአንድ በላይ ክፍሎች አሉ። አንዱ ሌላው ይጠብቀዋል ብሎ ሲተወው ካርዱ ያለ እረኛ ይቀራል። «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» የሚለው ትእዛዝ በካርዱ ትይዩ «አንማኔጅድ» የሚል ቃል ካሳየ የሆነው ይህ ነው። በአንዳንድ የኡቡንቱ እትሞች ከማሻሻያ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ሰው ላይ ደርሷል፤ ኔትወርክማኔጀር ዋይፋይንና የሞባይል ሞደምን ብቻ እንዲጠብቅ፣ የገመዱን ካርድ ግን እንዲተው የሚያዝዝ «10-ግሎባሊ-ማኔጅድ-ዲቫይስስ» የሚባል ፋይል በውስጡ ነበረና። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት የሚያስገርም ነው፤ «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ሥር፣ በኔትወርክማኔጀር የቅንብር ክፍል ውስጥ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ባዶ ፋይል ማኖርና አገልግሎቱን እንደገና ማስነሣት ነው። ባዶው ፋይል የተጻፈውን ይሽረዋል።

ስድስተኛ፣ አድራሻውን ይመልከት። «አይፒ አድሬስ» የሚለው ትእዛዝ ካርዱ ቁጥር ማግኘት አለማግኘቱን ይነግራል። ቁጥር ከሌለው ከራውተሩ አልተሰጠውም ወይም በእጅ የተጻፈለት ቁጥር በአሮጌው ስም ሥር ቀርቷል። ቁጥሩ ካለ በመጀመሪያ ራውተሩን በፒንግ ይጥራ፤ ቀጥሎ ከሀገር ውጭ ያለ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ ይጥራ፤ በመጨረሻም አንድ ድረ ገጽ በስሙ ይጥራ። ራውተሩ መልሶ የውጩ ቁጥር ዝም ካለ ያን ጊዜ ወደ ቴሌ መደወል ይገባል። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ዝም ካለ ግን መስመሩ ደኅና ነው፤ የጠፋው የስልክ ማውጫው ነው። ያም ዲኤንኤስ የሚባለው ነው፤ የሚስተካከለውም በቅንብሩ ውስጥ ነው።

አንባቢ እንደሚያየው ከነዚህ 6 ደረጃዎች ውስጥ አንዱም እንኳ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይጠይቅም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሁሉን አጥፍቶ የጀመረ ሰው የጥፋቱን ምክንያት ከመረጃው ጋር አብሮ ያጠፋል፤ በሚመጣው ማሻሻያም ያው ነገር ተመልሶ ያገኘዋል።

ማሻሻያው ያላጠፋው ጥፋት

እውነቱን ለመናገር ግን ከማሻሻያ በኋላ የሆነ ነገር ሁሉ በማሻሻያው ምክንያት የሆነ አይደለም። በወሎ ደጋ ክረምት ሲገባ ነጎድጓድና መብረቅ የተለመደ ነው። በረጅም ገመድ በኩል የሚገባ የመብረቅ ኀይል የካርዱን ቀዳዳ ሊያቃጥል ይችላል። ሌሊት መብረቅ መትቶ ጧት ማሻሻያ የጫነ ሰው ጥፋቱን በማሻሻያው ላይ ሊያሳብብ ይችላል። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ካልታየ፣ ከፍላሽ በሚነሣ በሌላ ሊኑክስም ካልታየ፣ ያን ጊዜ ካርዱ ራሱ ሞቷል ማለት ይቻላል። መፍትሔውም በዩኤስቢ የሚሰካ የኤተርኔት ካርድ መግዛት ነው።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። በማሻሻያው መካከል መብራት የሄደ እንደ ሆነ የፕሮግራሞቹ ግማሽ አዲስ፣ ግማሽ አሮጌ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ቢያስደነግጥም ብዙ ጊዜ ይድናል። በኡቡንቱና በዴብያን «ዲፒኬጂ» የተባለውን ክፍል የጀመረውን እንዲፈጽም ማዘዝ ይቻላል፤ ፋይሎቹ አስቀድመው ወርደው ከሆነም ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ማሻሻያ በእርግጥ ካርድ የገደለበት ጊዜም አለ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ ገና በሙከራ ላይ የነበረው የ2.6.27 ከርነል አንዳንድ የኢንቴል የገመድ ካርዶችን ቋሚ ማኅደረ ትውስታ እንደሚያበላሽ ታወቀ። መጀመሪያ የተጠረጠረው «ኢ1000ኢ» የተባለው የካርዱ ድራይቨር ነበር፤ በመጨረሻ ግን ምክንያቱ ከድራይቨሩ ውጭ በሌላ የከርነል ክፍል ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ በሙከራ ላይ ያለ እትም በሕዝብ አገልግሎት ማሽን ላይ አይጫንም፤ ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም።

ከማሻሻያ በፊት የሚደረግ

ከመድኃኒት ጥንቃቄ ይቀላል። ወጣት ሹማምንት ለሥራ ክፍላቸው ቢያዝዙት የሚጠቅም፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ነገር እነሆ።

ማሻሻያው ሳይጀመር የካርዱ ስም፣ የድራይቨሩ ስም፣ የማክ አድራሻው፣ የማሽኑ ቁጥርና የራውተሩ ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ በማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጻፈ ማስታወሻ ኮምፒዩተሩ ሲታመም አይነበብምና። የቅንብሩም ፋይሎች በፍላሽ ይገልበጡ። ያለ ጭነት ከፍላሽ ሊነሣ የሚችል አንድ ሊኑክስ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፤ ካርዱ ሕያው መሆኑን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። አዲሱ እትም ሳምንት ያህል ሠርቶ እስኪታይ ድረስ አሮጌው ከርነል አይጥፋ። በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ማሽን ካለ አንዱ ብቻ በቅድሚያ ይሻሻል፤ ሌሎቹ ይጠብቁ። አንዱ ቢታመም ከሌሎቹ ላይ መድኃኒቱን ማውረድ ይቻላልና።

በዩኤስቢ ገመድ የተሰካ የእጅ ስልክ ለሊኑክስ ኮምፒዩተር እንደ አንድ የገመድ ካርድ ሆኖ እንደሚታየውም ይታወስ። ዳታ ባለበት ጊዜ የጎደለውን ድራይቨር ለማውረድ ይህ ይበቃል። ዳታ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ፋይሉን ኢንተርኔት ካለው ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

ቀኑም ይመረጥ። በገበያ ቀን ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ወደ ከተማ በሚጎርፍበት ጊዜ ማሽን ማሻሻል በአዝመራ ወቅት በሬ እንደ ማሳረድ ነው። መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት መርጦ፣ ዩፒኤሱን ሞልቶ፣ ባለጉዳይ በማይኖርበት ጊዜ ማድረግ ይገባል።

የመልሱ ነገር

በመጨረሻም ወደ መስኮቱ መልስ እንመለስ። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ውሸት አይደለም፤ ያልተጠናቀቀ ግን ነው። ሲስተሙ ከገመዱ፣ ከካርዱ፣ ከስሙ፣ ከጠባቂው፣ ከአድራሻው ወይስ ከማውጫው ላይ ነው የጠፋው? ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ለባለጉዳዩ «እስከ ከሰዓት ይደርሳል፣ ቆየኝ» ወይም «ዛሬ አይደርስም፣ ሳልደውልልህ አትምጣ» ሊለው ይችላል። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን ዳገቱን በእግሩ ለሚወጣ ሰው የአንድ ቀን ሥራ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያና የመሥሪያ ቤቱ ክብር ነው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ማሽን አሻሽለው፣ ግንኙነቱን ራሳቸው አቋርጠው፣ ራሳቸው እንዲመልሱት ቢለማመዱ ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ይጠቅማቸዋል እንላለን። ሹማምንቱም የሚችለውን ሠራተኛ «ቶሎ አድርግ» ከማለት ይልቅ «የት ላይ ደረስህ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው። ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ አለቃ ጥሩ መልስ የሚፈልግ ሠራተኛ ያፈራል። ሀገር በማሽን ብዛት ብቻ አትሠለጥንም፤ ማሽኑ ዝም ሲል ከየት እንደ ጀመረ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በየወረዳው ሲገኝ ነው።